አባባ ላስተካክልና የላላው ሚስማር

በዚያ ትምህርት ቤት በእጁ ያላለፈ ወንበር የለም። ጉራ አይደለም፤ የተጠራጠረ ገልብጦ ይየው። አርባ ዓመት ሙሉ ዴስኩን፣ በሩን፣ የመስኮቱን መዝጊያ፣ የጥቁር ሰሌዳውን ጠርዝ፣ የመምህራኑን መቀመጫ ሁሉ የሠራ ወይ የጠገነ እሱ ነው። የደወሉን ምሰሶ ሳይቀር ያቆመው እሱ ነው። ምሰሶው እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም፤ ከሥሩ ግን ስድስት ዳይሬክተር ተነቅሏል።

ልጆቹ አባባ ላስተካክል ይሉታል። የልደት ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት፣ ይኼን ያወጣለት ግን ምላሱ ነው። የሚንቀጠቀጥ ነገር ካየ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ሰው ቤት ሊጠይቅ ሄዶ ጠረጴዛው ከተወዛወዘ፣ ሻዩ ቀርቶ ጤንነትም ሳይጠያየቁ «ላስተካክላት» ብሎ ከሥር ይገባል። የሠርጉ ዕለት እንኳ እንዲህ አደረገ። የሙሽሮቹ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጥሮ ነበርና፣ ፎቶ አንሺው «ሳቁ» ሲል ሙሽራው የለም። ፎቶግራፉ ዛሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሙሽሪት ብቻዋን ተቀምጣ ወደ ታች ታያለች፣ ከጠረጴዛው ልብስ ሥር ሁለት የጫማ ሶል ብቅ ብሏል። ባለቤቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር በጣቷ እያሳየች፣ «ይኸውላችሁ የኔ ባል፣ በዚህ በኩል ነው መልኩ» ትላለች።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ወደ ጉዳዩ እንመለስ።

ፊደል አልቆጠረም። ቁጥር ግን ከማንም አያንስም፤ እንጨት የሚያስተምረው ቁጥርን ነው። ጣውላ ሲያይ ርዝመቱን በዓይኑ ይነግርሃል፣ ቢሳሳት በጥፍር ነው። «በአርባ ዓመት አንድ እንጨት አጥሮብኝ አያውቅም» ይል ነበር። ይህንን ለጥበቃው ብሏል፣ ለጸሐፊዋ ብሏል፣ ለዳቦ ሻጩ ብሏል፣ ሳይጠይቁት ለመንገደኛም ብሏል። ታዲያ ዳይሬክተሩ የሠራተኛ ስብሰባ ላይ ይቺኑ አባባል ሰምቶ ኖሮ፣ አንድ ቀን ወደ እንጨት ክፍሉ ብቅ አለ።

ዳይሬክተሩ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። እስክሪብቶዎቹን እንኳ በቁመት ይደረድራል። በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን ከላይ እስከ ታች አየው። መሥሪያ ጠረጴዛው፣ ሞርሳው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት መጋዞች፣ ጥግ ላይ እንደ ጉብታ የተከመረው ሰጋቱራ።

«ጋሼ፣ ይቺን ክፍል ለመዝገብ ማስቀመጫ ፈልጌያት ነበር» አለ።

«እኔስ የት ልቀመጥ?»

«እርስዎማ ይረፉ። አርባ ዓመት አይበቃም?»

አባባ ላስተካክል መላጊያውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። እረፉ የሚባል ነገር ያውቃል። ጓደኛው ግንበኛው አረፈ፣ በስምንት ወሩ ከጎረቤት ሁሉ ተጣላ። ባለቤቱም ብትሆን አስቀድማ ቁርጡን ነግራዋለች፤ «አንተ አንድ ሳምንት ቤት ከዋልክ እኔ እህቴ ጋ ነኝ። ድስት ክዳኔን ሳይቀር ልታስተካክል ነው።» ክፍሏ ከሄደች እሱም አብሮ መሄዱ ነው፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው።

«አንድ ነገር ካሳዩኝ ግን እተወዋለሁ» አለ ዳይሬክተሩ። «የወላጆች ቀን ሊደርስ ነው። ለሦስተኛ ክፍል አርባ ልጆች አርባ የእርሳስ ሳጥን። እንጨቱን እርስዎ ቆርጠው ያዘጋጁ፣ ልጆቹ ራሳቸው ይምቱት። አርባውም አንድ ዓይነት፣ የአንድ እናት ልጆች ሆነው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ላያቸው። ለልጆቹ አሁን አይነገር፤ ዕለቱ ሲደርስ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

እዚህ ላይ ስለ ወላጆች ቀን ትንሽ መባል አለበት። በየዓመቱ የእጅ ሥራ የሚባለው ነገር እንዲህ ነበር። መምህሩ አንድ አበባ ሰሌዳ ላይ ይሰቅላል፣ ልጆቹ እሱኑ ይቀዳሉ። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ አበባው ቀይ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ። ከመስመር የወጣ ይደመሰሳል። ከዚያ አርባ አበባ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ወላጆች በአምስት ደቂቃ ዓይተው ይወጣሉ፣ ምክንያቱም አንዱን ያየ ሁሉንም ዓይቷል። አንድ ዓመት አንድ አባት የልጁን አበባ አግኝቼ ብሎ ግማሽ ሰዓት አመስግኖ ሲያበቃ የሌላ ሰው ልጅ አበባ ሆኖ ተገኘ። ልጁ አጠገቡ ቆሞ «አባዬ፣ የኔ እዚያ ነው» ቢለው፣ «ያው ነው ልጄ፣ ምን ለየው» አለ። እውነቱን ነው፣ ምንም አልለየውም።

በዚህ ዓመት ግን አዲስ የእጅ ሥራ መምህርት መጥታለች። ቀጭን፣ አፏ ፈጣን፣ ኪሷ ሁልጊዜ በጠመኔ የተሞላ። በመጣች በሳምንቷ ልጆቹን ያለ ናሙና ላሠራ ብላ ጠይቃ ዳይሬክተሩ፣ «መጀመሪያ መቅዳት ይማሩ» ብሎ መልሷታል።

አባባ ላስተካክል ሥራውን ጀመረ። ሳጥኑ ስድስት እንጨት ነው። ወለል፣ ክዳን፣ ሁለት ረጅም ጎን፣ ሁለት አጭር ጎን። ወለሉም፣ ክዳኑም፣ ረጅሙም ጎን ሃያ ሃያ ሳንቲ። እርሳስ ተዘርግቶ የሚተኛበት ልክ።

አሁን የሜትሩ ነገር ይመጣል። የሱ ሜትር የዛሬ አስራ አምስት ዓመት የብረት በር ነክሶት ጫፉ ተቆርጧል። የመጀመሪያዎቹ አስር ሳንቲዎች የሉም፤ ሜትሩ ከአስር ይጀምራል። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለው ነበር። እሱ ግን አስርን ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ሃያ ከፈለገ ሠላሳ ላይ ይቆርጣል። አስራ አምስት ዓመት እንዲህ ኖረ፣ አንድም ቀን አልሳተም። ወለሉን፣ ክዳኑንና አጭሩን ጎን በዚሁ በቆራጣው ሜትር ልክክ አድርጎ ቆረጠ። ረጅሙን ጎን ሊጀምር ሲል ዳይሬክተሩ መጣና ቆራጣውን ሜትር አየ።

«ጋሼ፣ በዚህ ነው የሚሠሩት? ያሳፍራል እኮ። ይኸው አዲስ።»

ቢጫ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ስትለቀው ወደ ሆዱ እንደ እባብ ይገባል። አባባ ላስተካክል ደስ አለው። «አሁን ገና መደመር ቀረልኝ» አለ። ሃያ ከፈለገ ሃያ ላይ ሊቆርጥ ነው። ቆረጠም። ሰማንያ ረጅም ጎን፣ በአንድ ቀን፣ ላብ ሳይጠርግ።

ይኼን ስህተት የሚሠራ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እሱ ነው። ዓይኑ አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ከእንጨት ጫፍ ላይ አስር የሚል ቁጥር ማየት ለምዷል። አዲሱንም ሜትር ሲዘረጋ እጁ ሳያማክረው አስርን ጫፉ ላይ አስቀመጠ። ጭንቅላቱ መደመሩን ተወ፣ እጁ ግን አልሰማም። ከአስር እስከ ሃያ ስንት ነው? አስር። ሰማንያው ረጅም ጎን በሙሉ አስር ሳንቲ ሆኖ ቁጭ አለ።

ያወቀው የመጀመሪያውን ሳጥን ለናሙና ሲገጥም ነው። ጎኑን ወለሉ ላይ አቆመው፣ ግማሽ መንገድ ላይ አለቀ። ሌላ አነሳ። እሱም አለቀ። ከሥር ጎትቶ፣ ከመሀል መዞ፣ ሃያ ያህል አየ። ከዚያ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠ።

መላ አላጣም፤ አናጢ ነው። ወለሉን ወደ አስር ላሳጥረው አለ። ግን ያ ሳጥን እርሳስ አያስተኛም፣ ለጠመኔ ስባሪ ካልሆነ። ሁለት ሁለቱን ልቀጥላቸው አለ። ያኔ ሃያ ሳጥን ይወጣል፣ ሃያ ልጅ ደግሞ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሌላ ጣውላ የለም፤ የዓመቱ ኮታ ይኸው ነበር። የወላጆች ቀን አንድ ሳምንት ቀረው።

መምህርቷ የገባችው በዚህ ሰዓት ነው። ማስመሪያ ልታስጠግን ነበር።

«አባባ፣ ምነው መሬት ተቀመጡ?»

«ልጄ፣ በሩን ዝጊው።»

ዘጋችው። ሁሉንም ነገራት። ሲነግራት ድምፁ ያረጀ ማጠፊያ መሰለ። እሷ ካጠሩት ጎኖች አንዷን አንስታ፣ አገላብጣ፣ ጠርዟን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«ልጆቹ ሳጥን መሆኑን ያውቃሉ?»

«ማን ነግሯቸው። ዳይሬክተሩ በኋላ እነግራለሁ ብሏል።»

«እንግዲያው እንጨቱ አልተሳሳተም።»

«እንዴት አልተሳሳተም? አንቺ፣ አስር ሳንቲ እኮ ነው።»

«ሳጥን ነው ካልናቸው አጥሯል። ምንም ካላልናቸው አላጠረም። ስድስት ስድስቱን እንስጣቸውና የፈለጉትን ይሥሩ።»

«በኔ ስም? የተበላሸ እንጨት ለልጅ?»

«ሳጥን ሥሩ ካሏቸው ሳጥን ይሠራሉ አባባ፤ ሳጥን ደግሞ እርስዎም እኔም ዓይተናል። እነሱ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ግን እስካሁን ማንም አላየውም።»

እሱ ነገሩ ብዙም አልገባውም። የገባው አንድ ነገር ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ሳይደግስ አይጣላም ብሎ እንጨቱን በስድስት በስድስት አሰረው።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆነ። ልጆቹ እንጨቱን ይዘው መምህርቷን አዩ።

«ምን እንሥራ መምህር?»

«እናንተ ምን ታውቃላችሁ? ሞክሩት።»

«ናሙናውስ?»

«የለም።»

አንዳንዱ ሊያለቅስ ደረሰ። አባባ ላስተካክል መዶሻ ሊያድልና ጣት እንዳይመታ ሊጠብቅ ነበር የመጣው። ግን አንዱ ልጅ እንጨቱን ገልብጦ ሲይዝ አየ፣ አልቻለም። «ና ላስተካክልልህ» አለ። ወለሉን ከላይ፣ አጭሮቹን ከሥር፣ ጧ ጧ፣ ትንሽዬ ጠረጴዛ አደረገለት። ጥሩ ጠረጴዛ ነበረች፣ ይኼ አይካድም። አጠገቡ ያለችው «ለኔም» አለች። ከዚያኛው ረድፍ ሦስት መጡ። ደወሉ ሲደወል አስራ አራት ልጅ ጠረጴዛ ሠርቷል፣ አስራ አራቱም የሱ እጅ ነው። ቀሪዎቹ ተሰልፈው ይጠብቁት ነበር።

ልጆቹ ሲወጡ መምህርቷ አስራ አራቱን ጠረጴዛ በአንድ መስመር ደረደረችለት።

«የማን ነው ይኼ?» አለችው አንዱን እያሳየች።

«የዚያ የ... ጥርሱ የወለቀው...»

«ይኼኛውስ?»

አርባዎቹ አበቦች ትዝ አሉት።

«ካልሠራሁላቸው ታዲያ የኔ እዚህ መምጣት ምንድን ነው?»

«ሲጠይቁዎት እንጨት እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩዋቸው። ምን እንደሚሠሩ ግን አይንገሩ። እጃቸውም ላይ ያለውን አይቀሟቸው።»

«ልጄ፣ ይኼ ምላስ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ዛሬ ዝም በል ቢሉት ይሰማል?»

ስቃ፣ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ፣ የሚስማር ቆርቆሮውን አምጥታ ሰጠችው። ባለፈው ሳምንት የቢሮ በር ሲጠግን አይታዋለች። አናጢ ሚስማሩን የሚይዘው በከንፈሩ ነው፤ አምስት ስድስት ሚስማር ነክሶ አንድ አንድ እያወጣ ይመታል። ያን ቀን ሦስት ሰው ሰላም ብሎት ለአንዱም አልመለሰም።

ሁለተኛው ቀን አባባ ላስተካክል ሰባት ሚስማር ነክሶ ገባ። ልጆቹ መጡ። «አባባ፣ ይኼን ምን ላድርገው?» አለው አንዱ። እሱ ትከሻውን ሰበቀ። «እምም» አለ። ልጁ ትንሽ ጠበቀ፣ ሲሰለቸው ሄዶ ራሱ ሞከረ። ሌላዋ መጣች። «እምም።» ሄደች። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ካለፈ በኋላ የሚጠይቅ ጠፋ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው መዶሻና ክርክር ብቻ ሆነ።

ያ ቀን ለሱ ምን እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል። ዙሪያውን የተጣመመ፣ ያዘነበለ፣ ሚስማሩ በጎን የወጣ ነገር ሁሉ እየተሠራ፣ እሱ ሰባት ሚስማር ነክሶ ያልበዋል። ቤት ሲደርስ ባለቤቱ «ምነው አፍህ ዝገት ዝገት ይላል?» አለችው።

«ሳስተምር ውዬ ነው» አለ።

«አንተ? ምን?»

«ዝምታ።»

ያን ዕለት እህቷ ዘንድ ደውላ ባሌ ታሟል መሰለኝ ብላለች።

ከልጆቹ መሀል አንዲት ነበረች። ልውጣ ይሏታል። ትምህርት በተጀመረ በሩብ ሰዓቱ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ልውጣ?» ትላለች። ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ ራሴን፣ ሆዴን፤ ምክንያት አይጠፋትም። በአበባው ጊዜ ግንዱን እንኳ ሳትጨርስ ትወጣና ደወል ሲደወል ትመለሳለች። እናቷ ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ትምህርት ቤት የምትጠራው ስለ ልጇ ስሞታ ሲኖር ብቻ ስለሆነ፣ የትምህርት ቤቱን በር ስታይ ገና ከሩቁ ይቅርታ ትጠይቃለች።

ሦስተኛው ቀን ሰዓቱ ተጋምሶ ሳለ መምህርቷ ወደ አባባ ላስተካክል ጠጋ ብላ፣ «ልብ ብለዋል? ልውጣ አልወጣችም» አለችው።

አየ። ልጅቷ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ታጎነብሳለች። ሁለቱን አጭር ጎን አጣብቃ ገላ አድርጋለች። ከፊት አንዱን ባለ አስር ሳንቲ ጎን በሁለት ሚስማር አጥብቃ እግር አቆመች። ከኋላ ሌላውን አስር ሳንቲ በአንድ ሚስማር ብቻ ሰቅላለች። ሚስማሩ ግማሹ ውጭ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

ላላ ሚስማር። አናጢ ሌላውን ሁሉ ይቅር ይል ይሆናል፣ ላላ ሚስማር ግን ነውር ነው። እጁ ሳይታዘዝ ተነስቶ ወደ መዶሻው ሄደ። ምላሱ ሚስማሮቹን ገፋ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ውስጥ «ሊወስድብኝ ነው» የሚል ነገር አየ። ይኼን ዓይን አርባ ዓመት ሙሉ ዓይቶት ያውቅ ይሆናል፣ ግን ልብ ያለው ዛሬ ነው። እጁን መልሶ ከጭኑ ሥር አስገባና ተቀመጠበት።

እሷ ሥራዋን ቀጠለች። ወለሉንና ክዳኑን ጫፍ ለጫፍ ቀጥላ መንገድ አደረገች። የመንገዱን አንድ ጫፍ መጽሐፍ ላይ አስደግፋ ቁልቁለት ሠራች። ያንን ነገር ከላይ አስቀመጠችና በጣቷ ትንሽ ነካችው።

ሄደ።

ወዘወዝ አለ፣ የኋላ እግሩን ወረወረ፣ የፊቱን ረገጠ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ቁልቁለቱን ወረደ። ባትሪ የለው፣ ገመድ የለው። አባባ ላስተካክል ሰባቱን ሚስማር ወለሉ ላይ በተናቸው። በሕይወቱ ጠረጴዛ አቁሟል፣ ቁም ሳጥን አቁሟል፣ ምሰሶ አቁሟል። የሱ ሙያ ማቆም ነው። የሚሄድ እንጨት ግን ሠርቶ አያውቅም፣ ሲሠራም አላየም። ያቺ ሚስማር በሱ መዶሻ ብትጠብቅ ኖሮ ይኼ ነገር አይራመድም ነበር።

«ድገሚው እስቲ» አለ። ሌላ ቃል አልመጣለትም፤ ለዚያ ምላስ ይኼ ተአምር ነው።

አራተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ዳይሬክተሩ ሳጥኖቹን ሊያይ መጣ። መደርደሪያው ላይ አንድም ሳጥን የለም። አንዱ ረጅም ሆኖ ያዘነበለ ግንብ ነው። አንዱ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ነገር ነው። ሁለት ጓደኛሞች እንጨታቸውን ደባልቀው ስም የሌለው ግዙፍ ነገር አድርገዋል። አንዱ ደግሞ ምንም አልሠራም፤ አንዷን ጣውላ ብቻ አራት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ፈትጎ እንደ ሕፃን ጉንጭ አድርጓታል፣ ሌላውን እንጨቱን ለጎረቤቱ ሰጥቷል።

«ሳጥኖቹ የታሉ?»

መምህርቷ ፊቷ ጠቆረ። «እኔ ነኝ...» ብላ ጀመረች።

አባባ ላስተካክል ሊያስጨርሳት ይችል ነበር። ሜትሩን ያመጣው ዳይሬክተሩ ነው ብሎም በሱ ማላከክ ይችል ነበር፣ ሐሰትም አይሆንም። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ።

«እሷ አይደለችም ጌታዬ። እንጨቱን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ሰማንያ ጎን በአስር ሳንቲ። ተሳስቼ ነው።»

ልጆቹ ሁሉ ሰሙ። ጥበቃው በመስኮት ሰማ፤ እሱ ሰማ ማለት ደግሞ ዳቦ ሻጩም ሰማ ማለት ነው። አርባ ዓመት የተነዛ ጉራ በአንድ ትንፋሽ ወረደ። የሚገርመው፣ ሰውዬው ሲናገረው ጀርባው ቀና ነበር።

ዳይሬክተሩ መደርደሪያውን እንደገና አየ። «ቅዳሜ ወላጅ ይመጣል፣ እንግዲህ ያለው ይታያል» አለ። «ሰኞ ጠዋት ግን ቁልፉን ያዘጋጁልኝ።»

ቅዳሜ ወላጆች መጡ። በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ሰዓታቸውን እያዩ ገቡ። መምህርቷ የማንንም ስም አልለጠፈችም። ጸሐፊዋ «እንዴት ሊለዩ ነው?» ብትላት፣ «ቆይ ታያለሽ» አለቻት። እውነትም፣ ልጆቹ ገና ከበሩ የናቶቻቸውን ቀሚስ፣ የአባቶቻቸውን ኮት እየጎተቱ እያንዳንዳቸው ወደ ራሳቸው ሥራ ነዷቸው። አንዲት እናት «ይቺ የኔ ልጅ ናት፣ ቤትም እንዲህ ነው የምትከምረው» ብላ ሳይነገራት አገኘችው። ባለፈው የሌላ ሰው አበባ ያመሰገነው አባት ደግሞ ዘንድሮ የታናሽዬውን ሥራ ሊያይ መጥቶ፣ ያቺን የተፈተገች ጣውላ ጉንጩ ላይ አድርጎ ቆሞ ቀረ። «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ አንድ ቦታ ተቀመጥክ?» አለው። አምስት ደቂቃው አለፈ። ሰዓቱ አለፈ። የሚወጣ የለም።

የልውጣ እናት ዘግይታ መጣች፣ እጅጌዋ ላይ ዱቄት አለ። «ይቅርታ፣ ምን አጥፍታ ነው?» አለች ገና ከመግባቷ። ልጅቷ ያንን ነገር ቁልቁለቱ ላይ አስቀመጠችው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እናትየው ጎንበስ ብላ አየች። ሲጨርስ አንስታ ራሷ ከላይ አስቀመጠችው። ደግማ አስቀመጠችው። ሦስተኛውን ጊዜ ዓይኗን በዱቄታሙ እጅጌ ጠረገች፣ ጉንጯ ነጭ ሆነ።

ሰው ተሰበሰበ። ዳይሬክተሩም በመሀል ገባ። ያንን ነገር አንስቶ ገልብጦ አየው፤ ሥርዓት የሚወድ ሰው አይደል፣ ዓይኑ ያረፈው እዚያው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ሚስማር ላልታለች። መዶሻ ያምጡና ያስተካክሏት።»

ያ ሁሉ ሰው ወደ አባባ ላስተካክል ዞረ። ልውጣም አየችው፣ በዚያው ዓይኗ።

«አትነካም» አለ።

«ምን አሉ?»

«አትነካም ጌታዬ። የሚያስኬደው መላላቷ ነው። በሥራዬ ላይ አርባ ዓመት አለኝ፣ እኔ ብሠራው ኖሮ ቆሞ ይቀር ነበር። የሠራችው እሷ ናት፣ እሷን ይጠይቋት።»

ዳይሬክተሩ ልጅቷን አየ። ልጅቷ «ከላይ ነው የሚቀመጠው፣ ቀስ ብለው ይንኩት» አለችው። ሰውዬው የሱሪውን ጉልበት ሳብ አድርጎ በሙሉ ልብሱ ቁጢጥ አለ። ነካው። ሄደ። እንደገና ነካው። ጸሐፊዋ ወላጆች ለስብሰባ ይጠብቃሉ ብላ ልትጠራው መጥታ፣ ሁለት ጊዜ ጠርታው አልሰማትም። ተነስቶ ሲሄድ ግን ምንም አላለም። ለአባባ ላስተካክልም፣ ለመምህርቷም ምንም።

ሰኞ ጠዋት አባባ ላስተካክል ቁልፉን በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ባለቤቱ ከበሩ ድረስ ሸኝታዋለች፣ አድርጋው የማታውቀውን ነው። «ና እሺ፣ ድስት ክዳኖቹን አስተካክል» ብላዋለች። እንጨት ክፍሉ ጋ ሲደርስ በሩ ላይ ማህተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ማህተሙን አወቀው። ፊደሉን አያውቀውም። የመዝገቡ ነገር ነው፣ መዝገቦቹ ገቡ ማለት ነው አለና ቆመ።

ልውጣ ቦርሳዋን እየጎተተች ስታልፍ አየችው።

«አባባ፣ ለምን አይገቡም?»

«እስቲ ምን ይላል ያ ነገር?»

ልጅቷ ተንጠራርታ፣ ጣቷን ከቃል ቃል እያሻገረች ማንበብ ጀመረች። «ይህ ክፍል... ከዛሬ ጀምሮ... በሳምንት አራት ቀን... ለሁሉም ክፍል ተማሪዎች... የእንጨት ሥራ መሥሪያ ሆኖ... ክፍት ይሆናል። ኃላፊዎች... የእጅ ሥራ መምህርትና... ዋና አናጢ።»

«ዋና ነው የሚለው?»

«አዎ። ዋና አናጢ።»

«ከላይ ጀምረሽ ድገሚው።»

ደገመችው። እሱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ጥበቃው ከበሩ፣ ጸሐፊዋ ከመስኮቷ እያዩ ነው፤ ቢሰሙም አይከፋም።

«ለሦስተኛ ጊዜ አንብቢው» አለ፣ «ጮክ አድርገሽ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ የዘለልሽው እንዳይኖር።»